እግሬ አውጪኝ

በአማርኛ አንድ ሰው አደጋ ደርሶበት ባለ ኃይሉ ሁሉ በሮጠ ጊዜ «እግሬ አውጪኝ ብሎ ሄደ» ይባላል። አማርኛን በመማር ላይ ለሚገኙት አንባብያን ይህን አነጋገር ጥቂት ዘርዘር አድርገን ብናቀርበው ሳይጠቅም አይቀርም። ሯጩ በዚያ ሰዓት የሚለምነው መንገደኛውን ወይም ጎረቤቱን ሳይሆን የገዛ እግሩን ነው፤ እግሩንም እንደ ሴት ቈጥሮ «አውጪኝ» ይላታል። «እግሬ አውጣኝ» ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቃሉ የፍርሃትና የሽሽት ቃል ስለ ሆነ በስፖርት ሜዳ ለሚደረግ ሩጫ አይነገርም። ለሽልማት የሚሮጠው ሰው ሲሳካለት «ቀደመ» ይባላል፤ ለነፍሱ የሚሮጠው ሲሳካለት «አመለጠ» ይባላል። ሁለቱም አንድ ዓይነት እግር ይጠይቃሉ፤ ነገር ግን በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ አብረው የሚገኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ዛሬ የምንጽፈው አብረው ስለ ተገኙበት ጊዜ ነው።

ነገሩን ከኸሽም ኤል ቂርባ እንጀምር፤ «እግሬ አውጪኝ» ብሎ የደረሰ ሰው እንደዚያ አካባቢ የበዛበት ሥፍራ ጥቂት ነውና። ኸሽም ኤል ቂርባ በምሥራቅ ሱዳን በአትባራ ወንዝ ዳር የተሠራች ከተማ ናት። የስሟ ትርጕም በዐረብኛ የውኃ ስልቻ አፍ ማለት ነው። ተከዜ ከላስታ ተራሮች ተነሥቶ፥ ድንበሩን ሲሻገር ሰቲት ተብሎ፥ ከከተማዋ በላይ ከአትባራ ጋር ይቀላቀላል። አትባራም ራሱ ከጎንደር በኩል በሚወርዱት በጓንግና በአንገረብ የሚሞላ ስለ ሆነ፥ በዚያ ግድብ የሚጠራቀመው ውኃ የደጋችን ዝናም ነው ብንል አላበዛንም። ግድቡ የተፈጸመው በ1964 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንሰጣለን።) በዚያው ዘመን የአስዋን ታላቅ ግድብ አገራቸውን በውኃ የሸፈነባቸው የዋዲ ሐልፋ ኑብያውያን፥ ቍጥራቸው 50 ሺህ ያህል የሚሆን፥ ወደዚህ ተዛውረው አዲስ ሐልፋ የተባለውን ከተማ መሠረቱ። ከ1967 ጀምሮ ከኤርትራ፥ ኋላም ከኢትዮጵያ፥ ጦርነትና ረኃብ ያስነሣው ሕዝብ እየተሻገረ በከሰላና በገዳሪፍ ግዛቶች ተጠለለ፤ በኸሽም ኤል ቂርባም የስደተኞች ሠፈር ቆመ። በ2020 መጨረሻና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ የሚበልጥ ሰው ከትግራይ ወደ ምሥራቅ ሱዳን ገባ።

እንዲህ ባለ ሠፈር የሚያድግ ልጅ እግሩ ፈጣን ቢሆን ምን ይጠቅመዋል? ለመመለስ እንዲመቸን አስቀድመን በጣም ሩቅ ወደ ሆነ አገር፥ ወደ ቼክ ሪፑብሊክ ሄደን፥ መንገዱ አስቀድሞ የተጠረገለትን የአንድ ወጣት ታሪክ እንመልከት።

በዚያ አገር ፕሮስትዬዮቭ የምትባል ከተማ አለች። ነዋሪዋ 50 ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ሆኖም የቴኒስ ክለቧ እነ ፔትራ ክቪቶቫንና እነ ቶማሽ በርዲክን ስላሠለጠነ ስሟ ከብዙ ታላላቅ ከተሞች ይልቅ በስፖርት ወዳጆች ዘንድ የታወቀ ነው። ያኩብ ሜንሺክ በ2005 በዚህች ከተማ ተወለደ። በ2022 መጀመሪያ፥ ገና የ16 ዓመት ልጅ ሳለ፥ በአውስትራልያ የወጣቶች ሻምፒዮና ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሰ፤ ነገር ግን ጡንቻው ተኰማትሮበት ተሸነፈና ከሜዳው በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ወጣ። በ2023 በኒውዮርክ ማጣሪያውን አልፎ እስከ ሦስተኛው ዙር ተጫወተ። በ2024 በዶሐ ለዋንጫ ደርሶ ተረታ። በ2025 በማርች ወር ወደ ማያሚ ሲሄድ በዓለም ተጫዋቾች ተራ 54ኛ ነበረ።

በማያሚ የሆነው ነገር የሚያስቅም የሚያስገርምም ነው። ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት ጕልበቱን ስለ ታመመ ውድድሩን ለመተው ቈርጦ፥ የመሰናበቻውን ወረቀት ይዞ ወደ ዳኛው ቢሮ ሄደ። እርሱ ራሱ ኋላ እንደ ተናገረው ዳኛው ለካ ምሳ ላይ ነበረ። በዚያ መካከል ወደ ሕክምናው ክፍል ገብቶ ታሸ፥ መድኃኒትም ተሰጠው፤ ሕመሙ ቀለል ሲለው እስቲ ልሞክረው ብሎ ተጫወተና አሸነፈ። ከዚያ ወዲያ ያቆመው አልተገኘም። በማርች 30 ቀን፥ ዝናም ለብዙ ሰዓት ካዘገየው በኋላ በተደረገው የዋንጫ ግጥሚያ፥ ኖቫክ ጆኮቪችን 7 ለ6 እና 7 ለ6 ረታው። ጆኮቪች የ37 ዓመት ሰው፥ 100ኛውን ዋንጫ ሊወስድ የመጣ ነበረ፤ ሜንሺክ ግን የ19 ዓመት ወጣት ሆኖ ይህ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫው ነው። ልጁ ቴኒስን የጀመረው ጆኮቪችን ተመልክቶ እንደ ሆነ በዚያው በሜዳው ላይ በሕዝብ ፊት ነገረው። በማግሥቱ ተራው ከ54ኛ ወደ 24ኛ ከፍ አለ። ዳኛው ያን ዕለት ምሳውን ቶሎ ጨርሶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ምን ይሆን እንደ ነበረ ማን ያውቃል!

የወጣቱ ተሰጥዎና ትጋት የሚያከራክር አይደለም። እኛ ልብ ያልነው ግን ሌላ ነገር ነው። አውስትራልያ፥ ኒውዮርክ፥ ዶሐ፥ ማያሚ፤ በእነዚህ ሁሉ በሮች ሜንሺክ ፓስፖርቱን እያሳየ ገብቷል፥ ወጥቷል። የቴኒስ ማዕረግ የሚገኘው ከአገር አገር እየዞሩ ነጥብ በመሰብሰብ ስለ ሆነ፥ ከሠፈሩ መውጣት ያልቻለ ተጫዋች ምንም ያህል ቢበረታ ተራ ቍጥር እንኳ የለውም። በሩጫም ቢሆን ሕጉ ያው ነው። ርቀቱ በደንብ በተለካ መንገድ፥ ሹም በቆመበትና ሰዓት በተያዘበት ውድድር ያልተሮጠ ሩጫ በመዝገብ አይገባም። ጎረምሳው ከጓደኞቹ ሁሉ ቀድሞ ከወንዝ ደርሶ ቢመለስ ለሠፈሩ ወሬ ይሆናል እንጂ ለፌዴሬሽን ማስረጃ አይሆንም።

ከዚህ ላይ «ስደተኛ» የሚለውን ቃል እንመርምር። ምንጩ «ሰደደ» የሚለው ግሥ ነው፤ «ሰደደ» ማለት ላከ፥ አባረረ ማለት ሲሆን፥ «ተሰደደ» የሚለው ሌላ ኃይል እንዳስነሣው ያመለክታል። ስለዚህ ስደተኛ ማለት በቃሉ ወደ ወደደው የሚሄድ ሳይሆን ከቤቱ የተባረረ ሰው ነው። ስሙ እንቅስቃሴን የሚያመለክተው ይህ ሰው ከደረሰበት በኋላ ግን የመንቀሳቀስ መብቱ የጠበበ ይሆናል። በሱዳን ደንብ ስደተኛው በተመደበለት ሠፈር እንዲኖር፥ ከዚያ ወጥቶ ለመጓዝም ፈቃድ እንዲይዝ ይጠየቃል። እንግዲህ ለነፍሱ ሮጦ ያመለጠው እግር፥ ለውድድር ልሩጥ ቢል በመጀመሪያው ኬላ ላይ ይቆማል። አማርኛ ባዕድ አገርን «የሰው አገር» ብሎ መጥራቱ በዚህ ጊዜ ደንበኛ ትርጕሙን ያገኛል፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው ነውና ለያንዳንዱ እርምጃ እርሱን መጠየቅ ያስፈልጋል።

በኦሊምፒክ ውድድር ደግሞ ሌላ ዕንቅፋት አለ። ተወዳዳሪ የሚገባው በአገሩ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በኩል ነው፤ አገሩን የለቀቀና የተጠጋበት አገር ዜግነት ያልሰጠው ሰው ግን የሚልከው ኮሚቴ የለውም። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን የአገራችን ልጅ ዮናስ ክንዴ ነው። ዮናስ ከ2012 ጀምሮ በሉክሰምበርግ በስደት የኖረ የማራቶን ሯጭ ሲሆን፥ ኑሮውን የሚገፋው ታክሲ በመንዳት ነበረ። በ2015 በፍራንክፈርት 42ቱን ኪሎ ሜትር በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ከ31 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያ ዙርያ የሚደረጉትን ውድድሮች እየደጋገመ ሲያሸንፍ፥ ወደ ዓለም ሻምፒዮናና ወደ ኦሊምፒክ ግን የሚያስገባው በር አልነበረም።

በሩ የተከፈተው በ2016 ነው። የዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ለሪዮ ደ ጃኔይሮ ጨዋታ የስደተኞች ቡድን አቁሞ 10 ሰዎች መረጠ። ከነዚህም አምስቱ በኬንያ በካኩማ ሠፈር ተጠልለው የነበሩ የደቡብ ሱዳን ሯጮች ናቸው፤ እነርሱን ያሰባሰበችውና ያሠለጠነቻቸው ዝነኛዋ ኬንያዊት የማራቶን ሯጭ ቴግላ ሎሩፔ ነበረች። ሁለቱ ከሶርያ የመጡ ዋናተኞች፥ ሁለቱ በብራዚል የተጠለሉ የኮንጎ የጁዶ ተጋዳዮች፥ አሥረኛው ዮናስ ክንዴ ነው። ዮናስ በ36 ዓመቱ በሪዮ ጎዳና ሮጦ 90ኛ ወጣ፤ ሰዓቱም 2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ8 ሴኮንድ ነበረ። ለጋዜጣ ርእስ የሚበቃ ውጤት አይደለም። ነገር ግን ከርሱ በኋላ ለመጡት መንገዱን የጠረገ ሩጫ መሆኑን ከዚህ በታች የምንተርከው ያስረዳል።

ታክሎዊኒ ገብረየሱስ ከኤርትራ በወጣ ጊዜ ዕድሜው 12 ዓመት ነበረ። ከአንድ ጓደኛው ጋር በኢትዮጵያ፥ በሱዳንና በግብፅ በኩል አልፎ፥ የሲናን በረሃ በእግሩ ተሻግሮ እስራኤል ገባ። በ12 ዓመቱ ልጅን ከቤት ወደ ሱቅ ለመላክ የሚያስብ ወላጅ ይህን ጉዞ በካርታ ላይ በጣቱ ተከትሎ ቢመለከተው ርቀቱን ይረዳዋል። በእስራኤል ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያም ሩጫን በደንብ ያዘ። እግሩ ቀድሞውኑ የተፈተነ ቢሆንም ይህ ሩጫ ግን ሌላ ነው፤ አሠልጣኝ፥ ክለብ፥ የተለካ መም፥ የሰዓት መዝገብ ያለበት ሩጫ ነው። ለፕሮስትዬዮቩ ልጅ በተወለደባት ከተማ ተዘጋጅቶ የቆየው ነገር፥ ለታክሎዊኒ የተገኘው አራት አገር ካቋረጠ በኋላ ነው።

በ2019 በዶሐ በተደረገው የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና በስደተኞች ቡድን ስም 5 ሺህ ሜትር ሮጠ። ከዚያም ፊቱን ወደ ረዥሙ ርቀት መለሰ። በማርች 14 ቀን 2021 በእስራኤል ሰሜን በሚገኘው በሑላ ሸለቆ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ከ55 ሴኮንድ ፈጸመ። በዚያ ዓመት ለቶክዮ ኦሊምፒክ የሚፈለገው ሰዓት 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ30 ሴኮንድ ነበረ፤ 35 ሴኮንድ አተረፈ ማለት ነው። የዚህ 35 ሴኮንድ ዋጋ በቀላሉ የሚገመት አይደለም። እስከዚያ ቀን ድረስ ለስደተኞች ቡድን የተመረጡት ሁሉ የገቡት ሁኔታቸው ታይቶ በልዩ አስተያየት ነበር፤ ታክሎዊኒ ግን ሌሎች ተወዳዳሪዎች የሚጠየቁትን የኦሊምፒክ ሰዓት በእግሩ አሟላ። እዚህ ላይ «ቀደመ» የሚለው ግሥ «አመለጠ» ከሚለው ጎን ቆመ።

በጁን ወር 29 ስደተኞች ለቶክዮ ተመረጡ። በጁላይ 23 ቀን በተደረገው የመክፈቻ ሥነ ሥርዓት የስደተኞች ቡድን ከግሪክ ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ፥ ሰንደቅ ዓላማውን የያዙት ሶርያዊቷ ዋናተኛ ዩስራ ማርዲኒና ታክሎዊኒ ነበሩ።

የወንዶቹ ማራቶን የቶክዮ ሙቀት ተፈርቶ ወደ ሰሜን ወደ ሳፖሮ ከተማ ተዛወረ፤ ሙቀቱ ግን እዚያም ተከትሏቸው ሄደ። በኦገስት 8 ቀን ማለዳ ከ100 የሚበልጡ ሯጮች ተነሥተው 30 ያህሉ በየመንገዱ ቀሩ። በዚህ ርቀት ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ ስመ ጥር የሆነችው ኢትዮጵያ ያሰለፈቻቸው ሌሊሳ ዴሲሳ፥ ሹራ ቂጣታና ሲሳይ ለማ፥ ሦስቱም ታላላቅ ሯጮች፥ አንዳቸውም ሳይፈጽሙ አቋረጡ። ታክሎዊኒ በ2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ2 ሴኮንድ 16ኛ ሆኖ ገባ። አበበ በ1960 በሮም በባዶ እግሩ ሮጦ የወርቅ ሜዳልያ የወሰደበት ሰዓት 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ነበረ። የዘመኑ ጫማና ሥልጠና ስለሚለይ ማወዳደሩ ፍትሕ እንዳልሆነ እናውቃለን፤ ቢሆንም ከማንሣት አልተቈጠብንም።

የዚያን ዕለት ወርቁን የወሰደው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነው። ከርሱ በኋላ የሆነው ግን ለዛሬው ነገራችን ይበልጥ ይቀርባል። አራት ሯጮች ለብርና ለነሐስ ተናንቀው ወደ መጨረሻው ሲቀርቡ፥ ለኔዘርላንድ የሚሮጠው አብዲ ናጌዬ ከፊት ሆኖ ወደ ኋላው እየዞረ ለቤልጅግ የሚሮጠውን ጓደኛውን በሺር አብዲን በእጁ «ና! ና!» ይለው ነበር። ሁለቱም የተወለዱት በሶማልያ ነው፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ከዚያ ወጥተው በሰው አገር ያደጉ፥ በልምምድም አብረው የሚሮጡ ናቸው። ናጌዬ ሁለተኛ፥ በሺር ሦስተኛ ሆነው ገቡ። ሯጭ በመጨረሻው መቶ ሜትር ላይ የራሱን ሜዳልያ ሳይዝ ሌላውን ሲጠራ ማየት የተለመደ አይደለምና ትዕይንቱን ያዩ ሁሉ አልረሱትም። እነዚህ ሁለቱ የተሮጠላቸው አገር ዜግነት የሰጣቸው ስለ ሆነ በስደተኞች ቡድን አልተቈጠሩም፤ መነሻቸው ግን ያው ነው።

በ2024 በፓሪስ የስደተኞቹ ቡድን 37 ሰው ደረሰ፤ በዚያም በብሪታንያ የተጠለለችው የካሜሩን ተወላጅ ሲንዲ ንጋምባ በቦክስ የነሐስ ሜዳልያ አግኝታ የቡድኑን የመጀመሪያ ሜዳልያ አስገኘች።

አሁን ወደ አትባራ ዳር እንመለስ። በአፕሪል 2023 በሱዳን የተነሣው ጦርነት የስደተኛውን ኑሮ አባሰው፤ ከሰላና ገዳሪፍ ከካርቱምና ከሌላም ሥፍራ የሸሸውን የሱዳንን ሕዝብ ራሱን ሲቀበሉ፥ ቀድሞ በካርቱም የተጠለለው ኢትዮጵያዊና ኤርትራዊም እንደ ገና ተሰደደ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ሩጫና ስለ ኳስ መጻፍ ቅንጦት የሚመስለው ይኖር ይሆናል። እኛ አይመስለንም። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጦርነቱ እስኪያልቅ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖ አይቆይም፤ ለሯጭ ደግሞ ያለፈ ዓመት በኋላ በትጋት የሚካካስ ነገር አይደለም።

ለስደተኞች ቡድን መታጨት የሚፈልግ ወጣት ሁለት ነገር ይጠየቃል። አንደኛው ስደተኛነቱ በደንብ የታወቀ፥ በመዝገብ የተጻፈ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው በስፖርቱ የደረሰበት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው በወረቀት፥ ሁለተኛውም ዞሮ ዞሮ በወረቀት ይረጋገጣል። ስለዚህ ወላጆችና አሳዳጊዎች የልጁን የመመዝገቢያ ካርድ፥ የዕድሜ ማስረጃውን፥ ከትምህርት ቤት ወይም ከውድድር የተሰጠውን ማናቸውንም ጽሑፍ እንደ ገንዘብ እንዲጠብቁት እንመክራለን። እርጥበት በሚገባበት ቤት በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ይበጃል።

የቀረው ከወንበሩ በኩል ነው። አማርኛ ለሚማሩት ሹማምንት የዕለቱ ትምህርታችን ይኸው፦ አንድ ቀን በቢሮዎ በር አንድ ወጣት ቆሞ «ጌታዬ፥ ለሩጫ ውድድር መሄዴ ነው፤ የይለፍ ወረቀት ይጻፉልኝ» ቢልዎ የግሡን መጨረሻ በደንብ ያዳምጡ። «ይጻፉ» በአክብሮት የተነገረ ነው፤ «ልኝ» የሚለው ደግሞ ነገሩ ለተናጋሪው ጥቅም መሆኑን ያስረዳል። በ«ል» ፈንታ «ብ» የገባ እንደ ሆነ ትርጕሙ ይገለበጣል፤ «ጻፉልኝ» ያለው ወረቀቱ የረዳው ሰው ነው፥ «ጻፉብኝ» ያለው ወረቀቱ የጐዳው ነው። «መሰከሩልኝ» እና «መሰከሩብኝ»፥ «ፈረዱልኝ» እና «ፈረዱብኝ» እንደዚሁ ናቸው። ወጣቱ ከቢሮዎ ሲወጣ ውጭ የሚጠብቁት ጓደኞቹ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት ከሁለቱ በአንዱ ይመልሳል፤ መስኮትዎ ክፍት ከሆነ ሊሰሙት ይችላሉ። በዚህ ዓይነት በ«ል» እና በ«ብ» የሚለያዩትን ሌሎቹን ግሦች በሚመጣው ሳምንት እናቀርባለን።